የወንድሜን ክኒን ከሞጆ እስከ ሶደሬ ስለቅም

ለሦስት ቀን ብዬ ከቤቴ ወጥቼ የተመለስኩት በሠላሳ አምስተኛው ቀን ነው። ከሚኒባሱ ሳልወርድ የእድራችን ሴቶች ከበቡኝ። ናዝሬት እንዴት ነው፣ ሶደሬ ገባሽ ወይ፣ ምነው ጠቆርሽ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ሳወራ ድምፄ ተዘጋ። ደግሞ ለአንዷ የነገርኳትን ለሌላዋ እያሳመርኩ መንገሬን ራሴው ታዘብኩ፤ ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ሶደሬ ያየሁት ጦጣ ዝንጀሮ ሆኖ ነበር። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ወደ ቆላ የመውረድ ሐሳብ የሌላችሁ ሁሉ፣ በእኔ እግር ሂዱ።

ለማታውቁኝ፣ የሻሽወርቅ እባላለሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ የጠመኔ ቁራጭ እንኳ ጥዬ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ አመሉ አብሮኝ ወጣ። ቤቴ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረችኝ፤ በውስጧ ሰው ጀምሮ የተወው መድኃኒት ሁሉ ይጠራቀማል። የጉሮሮ ካፕሱል፣ የጥርስ ክኒን፣ የሆድ ክኒን። የሰፈራችን ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። «የየሻሽ ፋርማሲ» ይሉታል፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ ምን ያዋሸኛል።

ከሁሉ የምሳሳለት ቀይ ቡናማ ክኒን ነበር። ከየት እንደመጣ ረስቼው ነበር፣ ግን መልኩ ኃይለኛ ስለሆነ ለከባድ ሳል መድቤው ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤቴን አቶ መኮንንን ሳል አላስተኛ ሲላቸው የአንድ ሳምንት ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሽንታቸው ቀልቶ እየሮጡ መጡ። «መርዙ እየወጣ ነው፣ ይበርቱ» አልኳቸው። በረቱ፤ ሳሉም ለቀቃቸው። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ በላይ ሐኪም ጠፋ።

አሁን ወደ ጉዞው። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሚኖረው አዳማ ነው፣ እኛ አሁንም ናዝሬት እንላታለን። ከጥቂት ዓመት በፊት ሳንባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒት ጀመረ፣ አቋረጠ። ሲመለስበት ያ የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራለት አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሉታል። ሌላ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ተጀመረለትና በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄደ ነርሷ ፊት ይውጥ ነበር። እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጠራ። ነርሷ ነበረች፣ ሲስተር ሀዊ።

«እትዬ የሻሽ፣ ወንድምዎ አራት ቀን ሙሉ መድኃኒቱን ስለመውሰዱ አላወቅኩም። ስልኩ ዝግ ነው። ካርዱ ላይ የተመዘገበው ተጠሪ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«ቢያቋርጥ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ይሄም ከተላመደበት ከዚህ በኋላ የምሰጠው ብዙ ነገር የለኝም።»

ሰኞ

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ በዚያ ላይ ጋቢ፣ በዚያ ላይ ለበሽታው ብዬ ሦስት ማስክ ደራረብኩ። ቆርቆሮዬንም ያዝኩ፤ መንገድ ላይ የሚታመም አይጠፋም ብዬ።

አልጠፋምም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚሄደው አውቶብስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጉሮሮዋን ይዛ ምራቅ መዋጥ አቅቷታል። ሁለት ካፕሱል አወጣሁላት። «አንዱን አሁን፣ አንዱን ማታ። ከተሻለሽ ሌላ አያስፈልግሽም» አልኳት። ጉልበቴን ልትስም ምንም አልቀራት።

ፈጣን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደኛ አገር መንገድ ጠመዝማዛ፣ ጉም የሚባል ነገር የለውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ደብረ ዘይት ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ። ሞጆ ላይ የላይኛውን ሹራብ፣ ትንሽ አለፍ ስንል የታችኛውን። አዳማ ስንገባ ከዚህ በላይ የሚወልቅ አልነበረኝም፤ ሙቀቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። መናኸሪያው ላይ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ሞላብኝ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ጋቢዬን አይቶ «እማማ፣ ሊያርሱ ነው የመጡት ወይስ ሊተኙ?» አለኝ። መልስ ነበረኝ፣ ግን አፌ ውስጥ አሸዋ ነበር።

የጌታቸው አከራይ ወይዘሮ ራውዳ ናት። በሩ ላይ እንዳየችኝ «አካም ጅርቱ እትዬ» ብላ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ እሳት ይቀጣጠላል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል፤ ራውዳ ግን ወለሉን ውኃ ረጨችልኝ፣ አንሶላዬን ነክራ ጨምቃ አልጋዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ውርጭ ፈርቼ ያደግሁት ሴት በፈቃዴ እርጥብ አንሶላ ውስጥ ገባሁ፤ ደግሞ ደስ አለኝ። ለእራት ፓስታ በስጎ አቀረበች። «ሥጋ የለበትም፣ ድስቱም አዲስ ነው፣ በደንብ ይብሉ» አለችኝ። ሳልጠይቃት ማሰቧ ሆዴን አባባው።

ስለ ጌታቸው ስጠይቃት ተነስታ ከቡፌው ላይ አንድ ሲኒ አመጣች። በሲኒው ውስጥ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አለ፤ በፖስታው ውስጥ በብርማ ወረቀት የታሸገ ክኒን።

«አቧራው ያስለኛል። ጌቾ ሲሄድ ‹ላንቺም ይሁንሽ› ብሎ ሰጠኝ። ደግ ልጅ ነው። ሲብስብኝ እውጠዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት።»

ፖስታው ላይ የእሱ ስም ተጽፏል። ወንድሜን ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው።

ማክሰኞ

ሲስተር ሀዊ ስትደውልልኝ በድምፅዋ ትልቅ ሴትዮ መስላኝ ነበር፤ ለካ ጉልበቴ የምታህል ልጅ ናት። ቁጣዋ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ጌታቸው ባቱ ለቅሶ አለብኝ ብሏት አሥር ፖስታ ሰጠችው፤ እያንዳንዱ ፖስታ የአንድ ቀን መድኃኒት ነው። በየጠዋቱ በቪዲዮ እየደወለ ሲውጥ ያሳያታል። አራት ቀን አሳየ። በአምስተኛው ቀን «የቀሩትን ፖስታዎች ደርድረህ አሳየኝ» ስትለው ስልኩ ጠፋ።

«ግን ራሱ ድኛለሁ ብሎኝ አልነበረም?» አልኳት።

«አክታው ጸድቷል፤ ወደ ሰው አያስተላልፍም። ማስኩን ማውለቅ ይችላሉ፣ ያውም ሦስት። ግን ጀርሙ አላለቀም። እትዬ፣ በርበሬ በትንሽ በትንሹ እየቀመሰ ያደገ ልጅ ኋላ ሚጥሚጣ እንኳ አይበግረውም አይደል? ጀርሙም እንደዚያ ነው። መድኃኒቱ ሳይሞላ፣ እየተቆራረጠ፣ ለማያስፈልገው ሰው አንድ ሁለት እየተባለ ሲሰጥ ይለምደዋል።»

«ልክ ነሽ። ሰው ግን ምን ነካው?» አልኩ ራሴን እየነቀነቅኩ። ቆርቆሮዬ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ሲስተር ግንባሯን ስታሽ አይቼ ለራስ ምታት የሚሆን ላወጣላት ክዳኑን ከፈት አድርጌ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ መሆኔ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወደ ሞጆ። እኛ ጋ ሁለት ሰው ሲገናኝ ስለ ገብስ ያወራል፤ ሞጆ ላይ ስለ ኮንቴይነር ነው። መንገዱ ዳር የቆሙት ተሳቢዎች ማለቂያ የላቸውም፣ በነፋሱ በኩል ደግሞ የቆዳ ሽታ ይመጣል። የጌታቸውን ጓደኛ ቶላን ብዬ ስጠይቅ ሦስት ቶላ መጣልኝ። ራውዳ የሚያስለው ነው ብላኝ ነበርና ትክክለኛውን ሲያስል ለየሁት።

ስድስት ሹፌሮች አንድ ትልቅ ትሪ ከበው ምሳ እየበሉ ነበር። የጌታቸው እህት መሆኔን ስናገር ስድስቱም ተነስተው «ኖር» አሉ፤ ስድስቱም በየተራ አጎረሱኝ። ሲስተር የነገረችኝን ገና አላመንኩምና ማስኮቹ አፌ ላይ ነበሩ። ማስክ ደግሞ ለጉርሻ አይመችም። አንዱን ዝቅ ሳደርግ ሁለተኛው ይጠብቃል፤ አራተኛው ጉርሻ በአገጬና በማስኩ መካከል ቀረ። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ጌቾ እንዴት ነው መድኃኒቱን የሰጣችሁ?» አልኩት ቶላን።

ቶላ አላፈረም፤ ምን ያሳፍረዋል። «እትዬ፣ እኛ መንገድ ላይ ማናችንም ብቻችንን አንበላም። ጠዋት ትሪ ከበን ጌቾ ያቺን ፖስታ ያወጣል። እኔ አስላለሁ፣ ያ ጓደኛችንም ያስላል። እሱ ለብቻው ሲውጥ ደስ አላለውም። ‹እኔማ ድኛለሁ፣ እንኩ› ብሎ አንድ አንድ ሰጠን።»

የጓደኛው ፖስታ እንደታሸገ ነበር። ቶላ ግን ግማሹን በሻይ ውጦታል። «ተሻለህ?» ስለው «ሻዩ ነው መሰለኝ ትንሽ ተሻለኝ» አለ።

ሁለቱን ፖስታ ተቀበልኩ። ግን ሰው ካጎረሰኝ በኋላ መድኃኒቱን ነጥቄ ባዶ እጁን ልተወው አልቻልኩም። ቆርቆሮዬን ከፈትኩና ከቀዩ ክኒን አራት ፍሬ ሰጠሁት። «ይሄ ለከባድ ሳል ነው። ሽንትህ ቢቀላ እንዳትደነግጥ» አልኩት። አመስግኖ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ በባቱ በኩል ወደ ሐዋሳ ጭነት ስላለው ሊወስደኝ ተስማማን።

ረቡዕ

የከባድ መኪና ጋቢና ላይ መውጣት ለእኔ ዕድሜ የተሠራ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን መርገጫ ረገጥኩ፤ ሁለተኛው አንገቴ ላይ ነው። ቶላ ከላይ እጄን ይጎትታል፣ ሁለት ሹፌሮች ከታች «ይቅርታ እማማ» እያሉ ይገፋሉ። በጠቅላላው ሞጆ እንደ ጭነት ተጫንኩ። ከወጣሁ በኋላ ግን ንግሥት ነኝ። ሰው ሁሉ ከታች ነው፤ የሽንኩርት ማሳው፣ የቲማቲሙ ሳጥን፣ የአበባ እርሻው ነጭ ላስቲክ ቤት። በእኛ አገር አንድ ቲማቲም ስትገዢ ታገላብጫለሽ፤ መቂ ላይ በሣጥን ነው የሚሸጡልሽ። አንድ ሣጥን ገዛሁ። ቶላ አንዴ ፍሬን ሲይዝ ሣጥኑ ጉልበቴ ላይ ተገለበጠ፣ ባቱ ስደርስ ቀሚሴ ራሱ ስጎ ሆኖ ነበር።

ለቅሶው እውነት ነበር። የኦቦ ገመቹ አማት አርጅተው ነው ያረፉት። ኦቦ ገመቹ የጌታቸው የድሮ ወዳጅ ናቸው፣ ጋሪ ይነዳሉ፤ ፈረሳቸው ዳማ ይባላል። ቀሚሴን አይተው የሆነ አደጋ የደረሰብኝ መስሏቸው ሊሸከሙኝ ነበር። ቲማቲም መሆኑ ሲገባቸው ሳቁ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና ሳቃቸውን በሳል ጨረሱት። ሳሉ የትንባሆ ነው፣ እጃቸው ላይ ያለው ይናገራል።

ዓሣ ጠበሱልኝ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው አልኩ። «ዓሣ ሥጋ አይደለም እኮ» አሉ። የንስሐ አባቴ ሌላ ነው የነገሩኝ አልኩ። ለረጅም ጊዜ ተከራከርን፤ በመጨረሻ እሳቸው ዓሣውን በሉ፣ እኔ ሽሮ እየበላሁ የእሳቸውን ሳህን አየሁ። እንዲህ ያለ ዓሣ በሕይወቴ አልሸተተኝም።

«ጌታቸው መድኃኒት ሰጥቶዎታል?» አልኳቸው።

«ሁለት ፖስታ ሰጥቶኛል፣ ገለቶማ፣ ይመስገን። አንዱ ይኸው። አንዱን ለዳማ ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለፈረሱ። እሱም ያስላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብስልም ቤት እቀመጣለሁ። ዳማ ካሳለ ግን ቤቱ ሁሉ ይራባል። ፉርሽካ ውስጥ ፈጭቼ ሰጠሁት።»

ወጥቼ ፈረሱን አየሁት። ደህና ነው፣ እንዲያውም ንቆኛል መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ። በዚያ ሳምንት ወንድሜ ካገኘው በላይ መድኃኒት ያገኘው ዳማ ነው።

ጌታቸው ከሁለት ቀን በፊት ሄዷል። «እግሬ ላይ ጉንዳን ይሄድብኛል፣ ሶደሬ ሙቅ ውኃ ውስጥ ልዘፍዝፈው» ብሎ ነበር። የእግሩ ነገር ከመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ሲስተር አስጠንቅቃው ነበር፤ ሲሰማህ ንገረኝ ብላው ነበር። እሱ ግን ለውኃው ሊነግር ሄደ።

ሐሙስ

ከእንቅልፌ የነቃሁት በዘይት ድምፅ ነው። ኦቦ ገመቹ ሐሙስ መሆኑን አረጋግጠው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዓሣ እየጠበሱልኝ ነበር። «ሳይበሉ ቢሄዱ አማቴ ከመቃብር ይነሱብኛል» አሉኝ። ሁለት ሙሉ ዓሣ በላሁ። አላፍርም።

በሞጆ በአዳማ አድርጌ ሶደሬ ስደርስ ቀትር አልፏል። እኛ ጋ ሙቅ ውኃ ማለት ከእሳት ላይ የሚወርድ፣ ለእግር መታጠቢያ የሚበቃ ነው። እዚያ መሬቱ ራሱ አፍልቶ ይሰጣል፣ ሰው ሁሉ ውስጡ ገብቶ እንደ ድንች ተቀቅሏል። ዛፉ ላይ ጦጣ ሞልቷል። የሚያማምር ቦታ ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት አንድ ራስ ብቻ ነው፣ ከውኃው በላይ የቀረውን የጌታቸውን።

ሲያየኝ ሊጠልቅ ሞከረ።

«ውጣ» አልኩት።

«እቴቴ፣ እንዴት መጣሽ?»

«እንደ ቲማቲም ተጭኜ። ውጣ አልኩህ።»

ወጣ፤ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ፎጣ ለብሶ ፊቴ ቆመ። ከስቷል፣ ግን አላሳለም። ድንጋዩ ላይ አስቀምጬው የሰበሰብኳቸውን ፖስታዎች ፊቱ ደረደርኩ። የራውዳ፣ የቶላ ግማሹ፣ የጓደኛው፣ የኦቦ ገመቹ። «የፈረሱን ማምጣት አልቻልኩም» አልኩት።

ከሱሪው ኪስ አንድ ፖስታ አወጣ። «አንድ አለኝ። ሲብስብኝ እወስደዋለሁ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።»

ለሲስተር ሀዊ በቪዲዮ ደወልኩ። በሰው እጅ የከረመውን ተዉት፣ እሱ ጋ ያለውን አንዱን ግን አሁኑኑ ፊቴ ይዋጥ፣ ነገ ጠዋት ይዘውት ይምጡ አለች። ጌታቸው ፖስታውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ውኃ ሊቀዳ ዞር ሲል ጦጣው መጣ። ከዛፉ ወርዶ፣ ፖስታውን አንስቶ፣ ወደ ዛፉ። ይኼው ነው። ሲስተር በስልኩ ውስጥ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች።

ያን ዕለት እንዴት እንደሮጥኩ አልነግራችሁም። ጌታቸው በፎጣ፣ እኔ በነጠላ፣ ስልኩ በእጄ፣ የዋናተኛው ሁሉ ዓይን በእኛ ላይ። ጦጣው ፖስታውን ቀደደ፣ ብርማ ወረቀቱን ነከሰ፣ መጥፎ ነገር እንደቀመሰ ሰው ፊቱን አጨማደደና ወደ እኛ ወረወረው። አንሥቼ ሳየው ብርማ ወረቀቱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ እንጂ አልተቀደደም። ጠርጌ ለጌታቸው ሰጠሁት፤ ዋጠው። ሲስተር «አፍ ክፈት፣ ምላስ አንሳ» አለችው፤ አነሳ።

ያኔ ነው ንዴቴ የመጣው። በሰው ፊት ጮህኩበት። «መድኃኒት እንደ ቆሎ እየዘገንክ ለመንገደኛ ማደል ማን አስተማረህ? ገና ሳይጨርሱ ድኛለሁ ማለትንስ ማን አስተማረህ?»

ጌታቸው ግራ ገብቶት አየኝ። «ተናገር» አልኩት።

«አንቺ ነሽ እኮ እቴቴ» አለኝ በለሆሳስ። «የመጀመሪያው ጊዜ፣ በአራተኛው ወር ቤትሽ መጣሁ። ፊትህ አብርቷል፣ ወፍረሃል፣ ደህና ሰው ኬሚካል ምን ያደርግለታል አልሽኝ። የቀረውን ለሌላ ሰው ይሆናል ብለሽ ተቀበልሽኝና ቆርቆሮሽ ውስጥ ከተትሽው። ያ ቀዩ።»

ሳያማርር ነው የነገረኝ፤ የረሳሁትን ዕቃ እንደሚያስታውስ ሰው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮዬ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ወንድሜን እኔ ነበርኩ ያስቋረጥኩት። ይህን ሁሉ መንገድ የሮጥኩት የራሴን እጅ ሥራ ልለቅም ነው። አለቀስኩ። ጌታቸው በእርጥብ ፎጣው ጫፍ ፊቴን ጠረገልኝና «ቆይ፣ ዓሣ በላሽ ወይ?» አለኝ። እንዲህ ነው እሱ።

ዓርብ

ቆርቆሮዋን ሲስተር ሀዊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። እያንዳንዱን እያወጣች ደረደረችው፤ ቀዩ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄን ለስንት ሰው ሰጥተዋል?»

«ለጎረቤቴ ለአቶ መኮንን። የአንድ ሳምንት። ለቶላ አራት ፍሬ፣ ማክሰኞ ዕለት።»

አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ለቶላ ደወለች። ቶላ ከሐዋሳ መንገድ ላይ ነበር። «አልዋጥኩትም ሲስተር፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ኃይለኛ ስለሚመስል ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» አለ። ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። ጌታቸውና እኔ እርስ በርስ አልተያየንም።

ፖስታው የደረሳቸው ሁሉ ለአክታ ምርመራ እንዲመጡ አደረገች። «ፈረሱና ጦጣው ሲቀሩ» አለች። በሚቀጥሉት ቀናት ራውዳ መጣች፣ ቶላና ጓደኛው መጡ፣ ኦቦ ገመቹ ከባቱ ድረስ ደረቅ ዓሣ በፌስታል ይዘው መጡ። ራውዳ አቧራ ነው፣ ኦቦ ገመቹ ትንባሆ፣ ሹፌሮቹ ጉንፋን። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ያቺን የአውቶብስ ልጅ ግን ከየት አመጣታለሁ? አሁንም ትዝ ትለኛለች።

የጌታቸው ውጤት ሳምንታት የሚፈጅ ስለሆነ መሄድ አልቻልኩም። በራውዳ እርጥብ አንሶላ ውስጥ አንድ ወር ኖርኩ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጌታቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ነኝ፤ ሲስተር ስለ እግሩም መላ ፈለገችለት። ቶላ ሞጆ ላሉት ሹፌሮች ሁሉ ስለነገረ፣ ጌታቸው ትሪ ላይ ሲቀርብ ገና ከመቀመጡ «ያንተን ውጠሃል?» ይሉታል። ውጤቱ ሲመጣ ጀርሙ አልተገኘም። ገና ወራት ይቀሩታል፣ ግን አልተገኘም። ራውዳ እልል አለች።

ቆርቆሮዋን ይዤ አልተመለስኩም። ሲስተር ውስጡን ለማስወገድ ወሰደችው፣ ባዶዋን ልትሰጠኝ ስትል እምቢ አልኩ።

ደብረ ብርሃን ስገባ፣ የእድሩ ሴቶች ከለቀቁኝ በኋላ፣ ቤቴ ሳልገባ የአቶ መኮንንን በር አንኳኳሁ። ሲከፍቱልኝ እየሳሉ ነበር። «እንኳን መጣሽልኝ። ያ ቀዩ ለአንድ ወር አቁሞልኝ ነበር፣ ተመለሰብኝ። ካለሽ ጨምሪልኝ» አሉኝ። በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፣ ወረፋ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ፣ የአክታ ዕቃቸውን እኔ ያዝኩላቸው። ቲቢ ተገኘባቸው። የተጨማሪው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ የያዝኩትን ሱባኤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት አሁንም ይሠራላቸዋል፤ አልተላመደም።

አሁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው አለብኝ። መጀመሪያ ጌታቸው ከአዳማ በቪዲዮ ይደውላል፣ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ አቶ መኮንን በር ላይ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። ትናንት ክኒኑን በመዳፋቸው ይዘው አጉረመረሙ።

«ያን ጊዜ በሳምንት ትጨርሺው ነበር። አሁን ስድስት ወር ምን አመጣው?»

«ያን ጊዜ ሐኪም ነበርኩ» አልኳቸው። «አሁን ጎረቤትዎ ነኝ። ምላስዎን ያንሱ።»

አነሱ።